ካርታው ይናገር፦ የቤት ፖከር ክርክር እንዴት ይዳኛል?

ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ለባሕር ዳር ሰው በረከት ነው። በረንዳ ላይ ካርታ ለሚጫወት ግን ጣጣ ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ እንጫወታለን። አንድ ቅዳሜ ነፋሱ መጣና የአንዱን ሰው ካርታ ገለበጠው። ኤስ ነበረች። ሁሉም አያት። ካርታው የተገለበጠበት «በቃ፣ እንደገና ይበወዝ!» አለ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው «ለምን ሲባል!» አለ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ሲኒ ውስጥ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሁለቱ ሰዎች ለየብቻ ባጃጅ ይዘው ሄዱ። የሚኖሩት አንድ ግቢ ነው።

በኋላ ስናስበው ያጣላን ነፋሱ አልነበረም። ካርታ በእጃችን ይዘን ሕግ ለማውጣት መሞከራችን ነው። ካርታውን አይቶ ሕግ የሚያወጣ ሰው ለራሱ ነው የሚያወጣው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰው ስለሆነ ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት የእኛን ጨዋታ ላስተዋውቅ። የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፣ መሃል ላይ አምስት ይገለጣል፦ መጀመሪያ ሦስት በአንዴ (ፍሎፕ)፣ ከዚያ አንድ (ተርን)፣ በመጨረሻ አንድ። በየመሃሉ እናስይዛለን። ስድስት ሰው ነን። በገንዘብ አንጫወትም። የምናስይዘው ቺፕ ቆርኪ ነው፦ የቢራ 5፣ የለስላሳ 10፣ የላስቲክ የውሃ ክዳን 50። እያንዳንዱ ሰው በ300 ይጀምራል። ከሁሉም ቀድሞ ቆርኪው ያለቀበት በሚቀጥለው ቅዳሜ አሳ ይጋብዛል። ለብለብ ይሁን ጉላሽ እንደ ኪሱ ነው። (በፆም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከፖከሩም ይብሳል። እዚህ አንነካውም።)

1. ካርታ ሳይታደል ደብተር ይከፈት

ባለ 32 ሉክ ደብተር ይበቃል። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ስልኩ የአንድ ሰው ነው። ደብተር የሁሉም ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የካርታ ደረጃ ይጻፍ። ከላይ ወደ ታች፦ ስትሬት ፍላሽ (አንድ ምልክት ያላቸው አምስት ተከታታይ ካርታዎች)፣ አራት ተመሳሳይ፣ ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ)፣ ፍላሽ (አምስት አንድ ምልክት)፣ ስትሬት (አምስት ተከታታይ)፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ ሁለት ጥንድ፣ አንድ ጥንድ፣ በመጨረሻ ከፍተኛ ካርታ።

«ፍላሽ ለምን ስትሬትን ይበልጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ቁጥር ነው። ከ52 ካርታ 2,598,960 የተለያዩ ባለ አምስት ካርታ እጆች ይወጣሉ። ከነዚህ ውስጥ ስትሬት 10,200 ነው። ፍላሽ 5,108 ነው። ፉል ሃውስ 3,744 ብቻ ነው። በብዛት የማይገኘው ይበልጣል። ይህን የነገረችን ከመሃላችን ያለችው የሒሳብ መምህርት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ደረጃ የተከራከረ የለም። ከ2 እስከ 5 ያሉትን አውጥተው በ36 ካርታ የሚጫወቱም አሉ። በዚያ ጨዋታ ፍላሽ ፉል ሃውስን ይበልጣል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።

ከደረጃው ሥር እነዚህን ሦስት ነገሮች ጨምሩ።

ምልክት ደረጃ የለውም። የልብ ፍላሽ የአበባን ፍላሽ በምልክቱ አይበልጥም። ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ይካፈላሉ።

ኤስ ላይም ታችም ይሆናል፣ መሃል ግን አይሆንም። ኤስ-2-3-4-5 ስትሬት ነው። 10-ጃክ-ኩዊን-ኪንግ-ኤስም ስትሬት ነው። ኩዊን-ኪንግ-ኤስ-2-3 ግን ምንም አይደለም።

«ሦስት ጥንድ» የሚባል ነገር የለም። ይህኛው በእኛ ቤት ብዙ አስጩኋል። መሃል ላይ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት 9 እና አንድ ኤስ ተገልጧል እንበል። አንዱ በእጁ ሁለት 8 ይዟል። ሌላው ኩዊንና 3 ይዟል። ባለ 8ቱ «እኔ ሦስት ጥንድ አለኝ» ብሎ ቆርኪውን ይሰበስባል። አይሆንም። ከሰባቱ ካርታ የሚቆጠረው ምርጡ አምስት ብቻ ነው። የሁለቱም ምርጥ አምስት መሃል ላይ ያለው ነው። እኩል ይካፈላሉ። ሲካፈሉ አንድ ቆርኪ ከተረፈ፣ ለምሳሌ 85 ለሁለት ሲሆን 40 እና 40 ሆኖ አንዲት ባለ 5 ከቀረች፣ ከአዳዩ በስተግራ ቀድሞ ለተቀመጠው አሸናፊ ትሰጣለች። እኛ አዳዩ ፊት ሲኒ እናስቀምጣለን። ሲኒው ስላለ ግራው የት ነው ብሎ የሚከራከር የለም።

2. ዳኛ ምረጡ፣ ሽማግሌ አትምረጡ

እኛ ሽምግልና ለምደናል። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ያስታርቃል። «አንተም ትንሽ ተው፣ አንተም ትንሽ ተው» ይላል። ለትዳር ጥሩ ነው፣ ለድንበር ጥሩ ነው። ለፖከር አይሆንም። መጀመሪያ ላይ እኛም ጠብ ሲነሳ መሃል ያለውን ቆርኪ ለሁለት እንከፍል ነበር። ሰላም ይመስላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን አንድ ነገር ታወቀን። ባዶ እጁን የሚጮህ ሰው ሁልጊዜ ግማሹን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጩኸቱ በዛ።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ማታውን የሚዳኝ ሰው መጀመሪያ ላይ ይመረጣል። እሱ ራሱ በዚያ ዙር ካርታ ይዞ ካለ አይዳኝም። ካርታውን ቀድሞ የጣለ ሰው ይተካዋል። ሁሉም በጨዋታው ውስጥ ካሉ ደግሞ ደብተሩን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይበቃል።

አንዳንዴ የቤቱን እናት እንጠይቃለን። ፖከር አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም። ግን ቃል ላይ የተነሳ ክርክር ሲሆን ከእሳቸው የተሻለ ዳኛ አላየሁም። አንድ ጊዜ «ጨመርኩ ብዬ ነበር፣ ግን ልቤ አልጨመረም» ያለ ጓደኛችን ነበር። እማማ ከሰሉ አጠገብ ሆነው «ልጄ፣ ልብህን ማን ሰማ? አፍህን ግን ሁላችን ሰማን» አሉ። አለቀ።

3. ክርክር ሲነሳ ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ሁሉም እጁን ከጠረጴዛው ያንሳ። ካርታ የሚሰበስብ፣ ቆርኪ የሚቆጥር፣ ቀጣዩን ካርታ የሚገልጥ አይኑር። ያልታደለው ካርታ ሲኒው ሥር ይቀመጥ። ብዙ ክርክር የማይፈታው አንድ ሰው ቸኩሎ መሃሉን ስለሚበትነው ነው።

ቀጥሎ ነገሩ ይነገር። ድሮ «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲሟገቱ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማ ነበር። ያንን መልሱት። መጀመሪያ አዳዩ ይናገር፣ ከዚያ ከሳሹ፣ ከዚያ የተከሰሰው። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ብቻ ይናገር። የያዘውን ካርታ ግን ማንም አይጥራ! «እኔ እኮ ፍላሽ ይዤ ነበር» ያለ ሰው ክርክሩን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም አበላሸ። ዳኛውም ማን ምን እንደያዘ ሳያውቅ ነው መፍረድ ያለበት።

ዳኛው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ተራው የማን ነበር? ምን ተባለ? መሃል ላይ ስንት ነበር? ሦስቱ ከታወቁ ደብተሩ ይከፈታል። ሕጉ እዚያ ካለ ይነበብና ያበቃል። ከሌለ ዳኛው የመሰለውን ፍትሕ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይወስን።

ውሳኔው ለዚያ ማታ የጸና ነው። ስሕተት ቢሆንም። ካልተስማማችሁ ነገሩን ደብተሩ ላይ ጻፉትና በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርታ ሳይታደል ተወያዩበት። ሳምንት ሲያልፍ ማን ምን ይዞ እንደነበር ይረሳል። ያኔ ሁሉም ትክክለኛ ሰው ይሆናል።

የውድድር ፖከር ዳኞችም እ.ኤ.አ. በ2001 ማኅበር አቋቁመው የጋራ ደንብ አውጥተዋል። የመጀመሪያው ደንባቸው ዳኛው ከሁሉ በላይ የጨዋታውን ጥቅምና ፍትሐዊነትን እንዲያስቀድም ያዝዛል። እኛም ደብተራችን ላይ ያልተጻፈ ነገር ሲገጥመን ከእነሱ ደንብ እንዋሳለን። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ከዚያ የተቀዱ ናቸው።

4. በብዛት የሚያጣሉ ነገሮች

*«ፓስ» የምትለዋ ቃል።* ይቺ ቃል ብቻዋን አንድ ማታ አበላሽታብናለች። ለአንዱ «ፓስ» ማለት «ለጊዜው አለፍኩ፣ ግን አለሁ» ማለት ነው። ለሌላው «ጣልኩ፣ ወጣሁ» ማለት ነው። እኛ ቃሏን ከለከልናት። ሳያስይዝ ያለፈ «ቼክ» ይበል፣ የጣለ «ጣልኩ» ይበል። አንድ ሰው ረስቶ «ፓስ» ቢል እንዲህ ይፈረዳል፦ ከፊቱ ማንም ቆርኪ ካላስያዘ ቼክ ነው። ካስያዘ ግን ጥሏል።

*ቃልና እጅ።* በተራ የተነገረ ቃል ይይዛል። «ኮል» (የተያዘውን ያህል አስያዝኩ) ያለ ኮል አድርጓል፣ «ጨመርኩ» ያለ ጨምሯል። ፊልም ላይ «50ህን አይቻለሁ... 50 ደግሞ ጨምሬያለሁ» ሲባል ያምራል። በረንዳችን ላይ ግን «አይቻለሁ» ሲል አበቃ፣ ኮል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሁለቱ ቃላት መሃል የሰውን ፊት ያያል። ፊቱ ከጠቆረ ይጨምራል፣ ካልጠቆረ ይተዋል። ቆርኪ ሲወረውርም እንደዚሁ ነው። ትንሽ ጥሎ፣ ፊት አይቶ፣ ተመልሶ መጨመር የለም። አንዲት ትልቅ ክዳን ዝም ብሎ ለጣለ ሰውም ሕግ አለው። 20 ተይዞ ሳለ አንዱ ባለ 50ዋን ያለ ቃል ቢጥል ኮል ነው፣ 30 ይመለስለታል። መጨመር ከፈለገ ከመጣሉ በፊት ይናገር።

ጭማሪውም ልክ አለው። ቢያንስ የመጨረሻውን ጭማሪ ያህል መሆን አለበት። አንዱ 20 ካስያዘ የሚጨምረው ቢያንስ 40 ያደርሰዋል። 60 ቢያደርሰው ጭማሪው 40 ስለሆነ፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚጨምረው ቢያንስ 100 ማድረስ አለበት።

*ያለ ተራ መናገር።* ጨዋታ ሲሞቅ ይህ የማይቀር ነው። ተራው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የተዘለለው ሰው ይጫወታል። እሱ ቼክ ወይም ኮል ካደረገ ወይም ከጣለ የቸኮለው ሰው ቃል ይጸናል። ከጨመረ ግን የቸኮለው ነፃ ነው፣ እንደገና ያስባል። አንዴ ሳይታወቀው የቸኮለ ይታለፋል። ለጓደኛው ምልክት ለመስጠት የሚቸኩለውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

*ሲታደል የተገለበጠ ካርታ።* መጀመሪያ የታደለው ካርታ ወይም ሁለተኛው ከተገለበጠ እንደገና ይበወዛል። ሁለት ካርታ ከተገለበጠም እንደገና። ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ ከሆነ ማደሉ ይቀጥላል። ለባለቤቱ በመጨረሻ ቀጣዩ ካርታ ይሰጠዋል፣ የተገለበጠው ከፍሎፕ በፊት እንደሚጣለው ካርታ ይሆናል (መሃል ላይ ከመገለጡ በፊት ሁልጊዜ ከክምሩ አንድ ካርታ ሳይታይ ይጣላል)። ሁለት ሰው ተጫውቶ ቆርኪ ከገባ በኋላ ግን «ስሕተት ነበር፣ ይበወዝ» ማለት የለም።

የነፋሱስ? ካርታው አንዴ ከደረሰህ ጠባቂው አንተ ነህ። ነፋስ ገለበጠው፣ እጅህ ገለበጠው፣ ካርታው የአንተ ነው። ሁሉም አይቶት ትጫወታለህ። ሳንቲም ካርታው ላይ አስቀምጥ። አሁን ሁላችንም የአንድ ብር ሳንቲም እናስቀምጣለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቺ ኤስ የእኔ ነበረች። «ይበወዝ!» ያልኩትም እኔ ነኝ። ሕጉን ደብተሩ ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

*የተሳሳተ ፍሎፕ።* አዳዩ ሦስት ሳይሆን አራት ካርታ ከገለጠ አራቱን ፊታቸውን ደፍቶ ይቀላቅላቸው። ዳኛው ሳያይ አንዱን ይምረጥ። የተመረጠው ከተርን በፊት የሚጣለው ይሆናል፣ ሦስቱ ፍሎፕ ይሆናሉ። ተራ ያልደረሰው ሰው እያለ ፍሎፑ ቀድሞ ከተገለጠ ደግሞ ሦስቱ ካርታ ወደ ክምሩ ይመለሳሉ፣ ሰውየው ይጫወታል፣ ተበውዞ እንደገና ይገለጣል። ቀድሞ የተጣለው ካርታ እዚያው ይቀራል።

*ኦል ኢን።* ያለህን ሁሉ ማስያዝ ማለት ነው። እዚህ ላይ ጩኸት የሚነሳው ከሒሳብ ነው። ሰሃን ተጠቀሙ። አንዱ 40፣ ሌላዋ 100፣ ሦስተኛው 150 ቢኖራቸውና ሦስቱም ቢገቡ፣ ከእያንዳንዳቸው 40 ተወስዶ የመጀመሪያው ሰሃን ላይ 120 ይሆናል። ከሁለቱ 60፣ 60 ተወስዶ ሁለተኛው ሰሃን ላይ 120 ይሆናል። የቀረው 50 ለባለቤቱ ይመለሳል። ባለ 40ው ከሁሉም የሚበልጥ ካርታ ቢይዝም ሁለተኛውን ሰሃን አይነካም። ሁለተኛው ሰሃን ይቅደም፣ ማን እንደወሰደው ሲታወቅ የመጀመሪያው ይፈረድ።

*ሲገለጥ።* ካርታው ራሱ ይናገራል። አንድ ሰው «ጥንድ ነው ያለኝ» ብሎ ሁለቱንም ካርታ ቢገልጥና ስትሬት ቢሆን፣ ስትሬት ነው። ያየ ሁሉ መናገር ይችላል፣ መናገርም አለበት። ሳይገልጥ ከተጣሉት ጋር የቀላቀለው ግን ሞቷል። «አሸናፊ ነበርኩ እኮ!» ቢል ማንም አይሰማውም። ቀድሞ የሚገልጠው በመጨረሻው የማስያዣ ዙር መጨረሻ ያስያዘው ወይም የጨመረው ነው። ማንም ካላስያዘ ከሲኒው በስተግራ ያለው ይጀምራል።

*መብራት ሲጠፋ።* ይህኛው ከውጭ ደንብ የተቀዳ አይደለም፣ የራሳችን ነው። መብራት ጭልም ሲል ሁሉም መዳፉን የራሱ ካርታ ላይ ያድርግ። አዳዩ ክምሩን ሲኒው ሥር ያስገባ። ወደ መሃል እጅ የሚሰድ አይኑር። የመጀመሪያው የስልክ ባትሪ ሲበራ መሃሉ ላይ ይብራ፣ አዳዩ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ከዚያ ይቀጥላል። መብራቱ እስኪመጣ ካርታ መበወዝ ግን አይፈቀድም።

*ቆርኪ ሲበዛ።* አንድ ማታ ስንጨርስ ቆጠርን። 1,800 መሆን ሲገባው 1,860 ሆነ። ተያየን። ማን አጭበረበረ? ለአፍታ ነገሩ ከበደ። መምህርቷ አሰበችና «60 ማለት 12 የቢራ ቆርኪ ነው» አለች። ጠርሙሶቹን ቆጠርን። 12 ቢራ ጠጥተን ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እየከፈትን። አሁን የጨዋታው ቆርኪዎች ውስጣቸው በጥፍር ቀለም ተቀብቷል። መጀመሪያም መጨረሻም ይቆጠራል።

5. ትንንሽ ነገሮች

የጣለ ሰው ዝም ይበል። «ወይኔ፣ ባልጣልኳት!» ማለት ለሌላው መረጃ መስጠት ነው። ከጀርባ ቆሞ መምከርም የለም፣ አንድ እጅ የአንድ ሰው ነው። ስልክ ያነሳ ሰው ተራው ከደረሰ ይጠበቃል፣ አንድ ደቂቃ ግን ይበቃዋል። አዲስ ሰው ሲመጣ ደብተሩን ቀድሞ ያንብብ። ሳያነብ የተቀመጠ ጋሼም ቢሆን በኋላ «አላውቅም ነበር» አይባልለትም።

የሚያበቃበት ሰዓትም ይጻፍ። እየተሸነፈ ያለ ሰው ሁልጊዜ «አንድ ዙር ብቻ» ይላል።

መጨረሻ የጻፍነው ሕግ ስለ አሳው ነው። ሁለት ሰው በአንድ ዙር አብረው ከወጡ ቀድሞ የወጣው ማን ይባላል? ዙሩ ሲጀመር ቆርኪው ያነሰው ነው። አሳውን የሚከፍለው እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዎች እኩል 85 ይዘው ገብተው አብረው ወጡ። ዳኛው አንዱ አሳውን፣ ሌላው ለስላሳውን ይክፈል አለ። የትኛው የትኛውን እንደሚከፍል ግን አልተናገረም። እስከ ቅዳሜ ደብተሩ ላይ ባዶ መስመር ትተንለታል።